ከልጆች ጋር በሞቃት ደሴቶች ለመኖር የትኛዋ ባለ ሸራ ጀልባ ትሻላለች?

ገና ሲመጣ ደብረ ብርሃን ቤታችን እንግዳ አይጠፋም። ዘንድሮ ከውጭ የመጣው የባለቤቴ የአክስት ልጅ፣ ቡናው ሳይቀዳ ስልኩን አወጣና ሁለት ጀልባዎች አሳየን። አንዷ ቀጭን፣ ባለ አንድ አካል ናት፣ 85 ሺህ ዶላር። ሌላዋ ሰፋ ያለች ባለ ሁለት አካል፣ ካታማራን የሚሏት፣ 290 ሺህ።

«ሥራችንን ለአንድ ዓመት አቁመን ልጆቹን ይዘን ካሪቢያን ልንወጣ ነው። እናንተ ኖራችሁበታል። የቷን ልግዛ?» አለኝ።

እውነት ነው፣ ኖረንበታል። እኔና ባለቤቴ ውጭ ሠርተን ባጠራቀምናት ገንዘብ፣ ከሁለት ልጆቻችን ጋር አንድ ዓመት ከአምስት ወር በምሥራቅ ካሪቢያን ቆይተናል። ከግሬናዳ እስከ ሴንት ቪንሰንት ያሉት ደሴቶች መሀል ማለት ነው። ስንጀምር ትልቁ 7፣ ትንሿ 2 ዓመቷ ነበር። ከተመለስን ጀምሮ ይህን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። ለሱ የነገርኩትን እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። የፋብሪካ ስም አልጠራም። መወሰን ያለበት መጀመሪያ የጀልባዋ ዓይነት ነው።

## ዋጋ ከማየታችሁ በፊት

ጀልባ ስትታሰበን የምትታየን ሸራዋን ነፋስ ወጥሮት ስትከንፍ ነው። እኛ ማስታወሻ እንይዝ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ሸራ የዘረጋነው 38 ቀን ብቻ ነው። የቀረውን ጊዜ መልሕቅ ጥለን፣ ልብስ እያጠብን፣ ልጅ እያስተማርን፣ ሽሮ እየሠራን ነው ያሳለፍነው። ስለዚህ ጀልባዋን ስትመዝኑ ቆማ ስትውል ምን ዓይነት ቤት እንደምትሆን አስቡ። እኔ አራት ነገር አያለሁ።

የመጀመሪያው ሰው ነው። ከቤተሰቡ ትንሹ ስንት ዓመቱ ነው? አያት ልትመጣ ትችላለች? ጀልባ ላይ ለጠንካራ ጎልማሳ የማይከብድ ነገር የለም። የሚከብደው ለሁለት ዓመት ሕፃንና ጉልበቷን ለሚያማት እናት ነው።

ሁለተኛው ውሃና መብራት ነው። እዚህ አገር ያደገ ሰው ውሃን በጀሪካን መቁጠር ያውቅበታል፤ ባሕር ላይም የጠቀመን እሱ ነው። 40 ጫማ፣ ማለትም 12 ሜትር ገደማ የምትረዝም ጀልባ ብዙ ጊዜ ከ300 እስከ 600 ሊትር ንጹህ ውሃ ትይዛለች። ከ15 እስከ 30 ጀሪካን መሆኑ ነው። አራት ሰው ቆጥቦ በቀን 40 ሊትር ቢጠቀም፣ 300 ሊትሩ ከሳምንት ብዙ አያልፍም። ሰሃን በባሕር ውሃ ታጥቦ በመጨረሻ ብቻ በንጹህ ውሃ ይለቀለቃል። ገላም እንደዚያው።

ይህን ያስተማረን አንድ ጋቢ ነው። አንድ ሌሊት ባለቤቴ መሪው ጋ ጋቢ ለብሶ ተቀምጦ ማዕበል ረጨው። በማግስቱ ፀሐይ ላይ ሰጣነው። ቆርፍዶ ደረቀ። ማታ ስናነሳው መልሶ ረጥቧል። ጨው የአየሩን እርጥበት ስለሚስብ፣ በባሕር ውሃ የራሰ ልብስ በንጹህ ውሃ ካልታጠበ በቅጡ አይደርቅም። ለአንድ ጋቢ አንድ ሙሉ ጀሪካን አወጣን። የጨዉን ውሃ በከፍተኛ ግፊት አጣርቶ ንጹህ የሚያደርግ ማሽን አለ፤ በሰዓት 60 ሊትር የሚሰጡም አሉ። ግን ጥሩ መብራት ይፈልጋል። መብራቱ ደግሞ የሚመጣው ከፀሐይ ነውና፣ ጀልባዋ ለሶላር ሰሌዳ ስንት ሜትር ቦታ አላት የሚለው ትልቅ ጥያቄ ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድን ግን እርሱት። ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይጎትታል፤ እኛ ጣሪያ ላይ የነበረን 400 ዋት ሶላር ነው። እንጀራ የምንጋግረው መልሕቅ ስንጥል ብቻ፣ በጋዝ ምድጃ ላይ፣ በማይዝ መጥበሻ ነበር። ስፋቱ የሰሃን ያህል ነው፣ ዓይኑ ግን ያምራል።

ሦስተኛው አውሎ ነፋስ ነው። በአትላንቲክና በካሪቢያን የሀሪኬን ወቅት ከሰኔ 1 እስከ ኅዳር 30 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በእኛ ከግንቦት 24 እስከ ኅዳር 21። የሚፈራው ጊዜ ከክረምታችን ጋር ይገጥማል ማለት ነው። ብዙ የጀልባ መድን ሰጪዎች በዚህ ወቅት ከተወሰነ መስመር በላይ ወደ ሰሜን እንዳትቆዩ በውል ያስገድዳሉ። ለዚህ ነው ብዙ ቤተሰብ ወደ ደቡብ፣ ወደ ግሬናዳና ትሪኒዳድ የሚወርደው። ይህም ቢሆን ሙሉ ዋስትና አይደለም። በ2004 እ.ኤ.አ. ኢቫን የተባለው አውሎ ነፋስ ግሬናዳን አወደማት። በሐምሌ 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቤሪል የተባለው ካርያኩን መታት። እኛ መልሕቅ እየጣልን ልጆቻችንን ዋና ያስተማርንባት ደሴት ናት። ዜናውን የሰማነው እዚሁ ደብረ ብርሃን ሆነን ነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም።

አራተኛው ገንዘብ ነው፤ ሁለት ጊዜ ቁጠሩት። አንዱ የመግዣው፣ ሌላው የየዓመቱ ነው። ባለ ጀልባዎች በልማድ ከመግዣው ዋጋ 10 በመቶውን በየዓመቱ ለጥገና ይይዛሉ። ያረጀች ከሆነች ከዚያም ያልፋል። ያላችሁን ገንዘብ ሁሉ መግዣው ላይ እንዳትጨርሱ። እኔ ሲሦውን አትንኩት እላለሁ።

## ባለ አንድ አካሏ

ይቺ ሁላችንም በሥዕል የምናውቃት ጀልባ ናት። ውሃው ላይ የሚቀመጠው አካሏ አንድ ነው። ከሥሯ እርሳስ ወይም ብረት የተሞላ ከባድ ክንፍ አላት፣ ኪል ይባላል። ብዙ ጊዜ ከጠቅላላ ክብደቷ ሲሦ የሚሆነው እዚያ ነው። በዚህ ምክንያት ማዕበል ቢገለብጣት እንኳ ተመልሳ የመቆም ዕድሏ ትልቅ ነው። ለረጅም የውቅያኖስ ጉዞ ሰው የሚተማመንባት ለዚህ ነው።

እኛ የገዛነው ይቺን ነው። 12 ሜትር ርዝመት፣ ወደ 4 ሜትር ስፋት።

ነፋስ ሲገፋት ታጋድላለች። 15 እና 20 ዲግሪ የተለመደ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ግን የቤታችሁ ወለል በዚያ ልክ ተጋድሞ ስድስት ሰዓት ቢቆይ ብላችሁ አስቡት። ሕፃን መሬት ላይ ማስቀመጥ አይቻልም። ምድጃው በማጠፊያ የተንጠለጠለ ስለሆነ ጀልባዋ ስታጋድል እሱ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጎበዝ ፈጠራ ነው። ድስቱ አይደፋም፣ ሠሪው ግን በአንድ እጁ ካልያዘ ይወድቃል። ልጆች የሚተኙበት አልጋ ጎኑ ላይ ጨርቅ ይወጠርለታል። ትንሿ ልጃችን እዚያ ውስጥ በአንቀልባ እንደታዘለ ሕፃን ለጥ ብላ ትተኛ ነበር።

ስለ ማጥወልወል ሁሉም ይጠይቀኛል። ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቶ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውን መንገድ በሚኒባስ የሄደ ሰው ያውቀዋል። አንዱ ሎሚ ያሸታል፣ አንዱ ፌስታል ይጠይቃል፣ አንዱ ደግሞ ምንም ሳይመስለው ቆሎውን ይቆረጥማል። ባሕርም እንደዚያ ነው፤ ሰው ይለያያል። አብዛኛው ሰው በሁለትና በሦስት ቀን ይለምደዋል። ችግሩ በደሴቶች መሀል ጉዞው አጭር መሆኑ ነው። ከግሬናዳ ዋና ከተማ እስከ ካርያኩ 30 ኖቲካል ማይል ገደማ ነው፣ 55 ኪሎ ሜትር። ነፋሱ ከፊት ስለሚመጣ ግን ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ሳትለምዱት ትደርሳላችሁ፣ በሳምንቱ ደግሞ እንደ አዲስ። ለጉዞ ቀን በሶ ነው ያኖረን። ማታ በጥብጬ በጠርሙስ አስቀምጣለሁ፤ ምድጃ አይነካም፣ ሆድ ይይዛል።

እናቴ መጥታ አምስት ሳምንት ከርማለች። መንዝ ነው ያደገችው፣ ገደል አያስፈራትም። ከበረንዳው ወደ ውስጥ የሚያስወርደው መሰላል ግን አምስት ቀጥ ያሉ ደረጃዎች አሉት። ፊቷን ወደ ደረጃው አዙራ፣ በሁለት እጇ ይዛ ትወርዳለች። በሦስተኛው ቀን ጉልበቷ አበጠ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ትወጣለች፣ ማታ ትወርዳለች፣ በቃ። መልሕቅ ጥለንም ቢሆን ማዕበሉ ከጎን ሲመጣ ጀልባዋ እንደ ሕፃን አልጋ ከወዲያ ወዲህ ትወዛወዛለች። እናቴ ከጉዞው ይልቅ ያማረረችው ይህን ነው።

ጥሩነቷ ዋጋዋ ላይ ነው። ያገለገለች ግን ደህና የሆነች የ40 ጫማ ጀልባ ከ60 እስከ 150 ሺህ ዶላር ባለው መሀል ትገኛለች። መለዋወጫዋ አንድ፣ ሞተሯ አንድ፣ የማሪና፣ ማለትም የጀልባ ማቆሚያ ወደብ፣ ክፍያዋ ያነሰ ነው። ወደ ነፋስ ፊት ለፊት ስትሄድም ከሰፊዋ ትሻላለች።

እዚህ ላይ የእኛን ስሕተት ልናገር። ሻጩ «ባለፈው ዓመት ተመርምራለች» ብሎ ወረቀት አሳየን። እኛም ገንዘብ ለማትረፍ ብለን የራሳችንን መርማሪ ሳንቀጥር ገዛን። በሦስተኛው ወር የሸራውን ምሰሶ የሚይዙት ገመዶች ከጀልባዋ ጋር የሚገናኙበት ቦታ ውሃ እየገባበት ውስጡ በስብሶ ተገኘ። 11 ሺህ ዶላር ከፈልን፣ ስድስት ሳምንትም ደረቅ መሬት ላይ ተቀመጥን። ልጆቹ በመሰላል እየወጡና እየወረዱ። ሰርቬየር የሚባለውን መርማሪ ራሳችሁ ቅጠሩ፣ ራሳችሁ ክፈሉት። ጀልባዋም ከውሃ ወጥታ ሆዷ ይታይ።

## ባለ ሁለት አካሏ

ካታማራን ናት። ሁለት ቀጫጭን አካሎች ጎን ለጎን፣ መሀላቸው ላይ ሳሎን። 40 ጫማ የምትረዝመው ስፋቷ ከ6 ሜትር ተኩል በላይ ነው። ታች ያለ ከባድ ክብደት የላትም፤ ስፋቷ ነው የሚያቆማት። ስለዚህ እምብዛም አታጋድልም። ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ትተዉ ይሆናል፣ እዚያው ታገኙታላችሁ።

ጎረቤቶቻችን ሆነው የከረሙ አንድ ቤተሰብ ካታማራን ነበራቸው። እናቴን ይዘናት ሄድን። ከኋላ ሰፋፊ ደረጃዎች አሏት፤ ከትንሿ የጎማ ጀልባ ወርዳ ሁለት ሦስት እርምጃ ተራመደችና ጠረጴዛው ጋ ደረሰች። መሰላል የለ፣ ጎንበስ ማለት የለ። ወጥ ቤቱ እዚያው ሳሎኑ ውስጥ ነው፣ በመስኮቱ ባሕሩ ይታያል። ተቀምጣ ዙሪያውን አየችና «ይሄስ ቤት ነው» አለች። ለእኛ ምንም አላለችም፤ ገብቶናል።

ለትንንሽ ልጆች ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው። ሽሮ እያማሰልኩ ልጄ በረንዳው ላይ ስትጫወት በዓይኔ አያታለሁ። ባለ አንድ አካሏ ላይ ታች ሆኜ ላይ ያለውን የማውቀው በድምፅ ነበር። መኝታ ቤቶቹም በሁለቱ አካሎች ተከፋፍለዋል፤ ሕፃን ተኝቶ ሌላው ሊያወራ ይችላል። ጣሪያዋ ለሶላር ሰፊ ነው። ውሃ ውስጥ የሚገባው አካሏ 1 ሜትር ከምናምን ብቻ ስለሆነ ባሕር ዳርቻው ድረስ ትጠጋለች። የእኛ ዓይነቷ ግን ሁለት ሜትር ገደማ ትፈልጋለች።

አሁን ጉድለቷን። ያገለገለች የ40 ጫማ ካታማራን ከ200 ሺህ ዶላር በታች ካገኛችሁ ምክንያቱን አጥብቃችሁ ጠይቁ። ብዙ ማሪናዎች ለስፋቷ አንድ ተኩል እጥፍ፣ አንዳንዴም ሁለት እጥፍ ያስከፍላሉ። ሞተሯ ሁለት ነው፤ የሁለት ሞተር ዘይት፣ የሁለት ሞተር ብልሽት። ከውሃ የሚያወጣት ማንሻ ስፋቷን የሚችል መሆን አለበት፣ ይህ ደግሞ ሁሉ ቦታ የለም። ማዕበል በሁለቱ አካሎች መሀል ከሥር ሲመታት እንደ በር ይደበደባል፤ ልጆች ይደነግጣሉ። ከተገለበጠች ደግሞ ሰው አይመልሳትም። ብዙዎቹ ተገልብጠውም እንደ ተንሳፈፉ ይቀራሉ፣ በራሳቸው ግን አይቆሙም። ይህ የሚደርሰው ጥቂት ጊዜ ነው፤ በብዛትም ሸራ በጊዜው ሳይቀነስ ሲቀር።

ደግሞ ሰፊ ስለሆነች ሰው ይጭንባታል። ብስክሌቱ፣ የልብስ ማጠቢያው፣ ሦስት ዓመት የሚበቃ ሽሮ። ካታማራን ክብደት አትወድም። ስትከብድ ትዘገያለች፣ ከሥር የሚመታትም ይብሳል።

## ኪራይ፣ ወይም ቤት መሬት ላይ

ኪራይን ሰው ይንቀዋል። እኔ ደግሞ ማንም ሰው ሳይከራይ እንዳይገዛ እለምናለሁ። ቱሪስት በሚበዛበት ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ባለ አንድ አካሏ በሳምንት ከ3 እስከ 5 ሺህ ዶላር፣ ካታማራኗ ከ6 ሺህ ጀምራ ወደ ላይ ናት። ወቅቱ ሲያልፍ ይረክሳል። መንዳት የማትችሉ ከሆነ ካፒቴን ይቀጠራል፤ በቀን ከ200 ዶላር በላይና ምግቡ። ሁለት ሳምንት ውድ ነው። ግን ልጅህ በጀልባ ላይ መተኛት እንደማይችል ጀልባ ከገዛህ በኋላ ከማወቅ ርካሽ ነው።

አራተኛው ምርጫ ማንም የማያነሳው ነው፤ ደሴቷ ላይ ቤት ተከራይቶ በጀልባ ቀን ቀን መውጣት። ለምሳሌ ከሴንት ቪንሰንት ወደ ጎረቤቷ ደሴት ቤኪያ በፌሪ፣ በመንገደኛ ጀልባ፣ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ልጆቹ ትምህርት ቤት ይገባሉ፣ ሐኪም ቅርብ ነው። የማያቋርጥ ሕክምና የሚፈልግ ልጅ ካላችሁ ሌሎቹን አትዩ፣ ይህን ያዙ።

## ባጭሩ ለማየት

| መስፈርት | ባለ አንድ አካል | ካታማራን | ኪራይ | ቤት በደሴቷ ላይ |
|---|---|---|---|---|
| መነሻ ወጪ (40 ጫማ፣ ያገለገለች) | ከ60–150 ሺህ ዶላር | ከ200 ሺህ ዶላር በላይ | በሳምንት ከ3 ሺህ ዶላር ጀምሮ | የቤት ኪራይ ብቻ |
| ጥገና | መካከለኛ | ከባድ፣ ሁለት ሞተር | የአከራዩ | የለም |
| ከ5 ዓመት በታች ልጅ | ይቻላል፣ ያደክማል | በጣም ይመቻል | እንደ ጀልባዋ | ይመቻል |
| አያት | መሰላሉ ይከብዳል | ይመቻል | ካታማራን ከሆነች | ይመቻል |
| ለሶላር ቦታ | ጠባብ | ሰፊ | ያለውን መጠቀም | አያሳስብም |
| ረጅም የውቅያኖስ ጉዞ | ጠንካራ | ጥሩ፣ ካልተጫነች | አይሆንም | አይሆንም |
| በአውሎ ነፋስ ወቅት | መሸሽ አለባችሁ | መሸሽ አለባችሁ | አትከራዩ | መጠለያ በቅድሚያ |

## ለየትኛው ቤተሰብ?

ልጃችሁ ገና ዳዴ የሚል ወይም መራመድ የጀመረ ከሆነ፣ በጀታችሁም ከ300 ሺህ ካለፈ፣ ካታማራን ግዙ። በዚህ ምንም አላመነታም። ቀኑን ሙሉ ሕፃን ስትጠብቁ የሚደክማችሁን ድካም ሩቡን ታስቀንሳላችሁ።

ገንዘባችሁ ከ100 ሺህ በታች ከሆነ ያረጀች ትንሽ ካታማራን አታሳድዱ። ደህና የተያዘች ባለ አንድ አካል ያዙ፣ ሲሦውን ገንዘብ አስቀምጡ። ልጆቹ ከ6 እስከ 12 ዓመት ከሆኑ ደግሞ ይቺው ናት የምትሻለው፣ ገንዘብም ቢኖራችሁ። ትልቁ ልጃችን ጀልባዋ ስታጋድል ነው ደስታው። መሪ መያዝን፣ ሸራ መቀነስን በ8 ዓመቱ አወቀ። ሰፊዋ ላይ ቢሆን ሶፋ ላይ ይቀመጥ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ከ100 እስከ 200 ሺህ መሀል ያላችሁ ናችሁ የምትቸገሩት። ሁለቱንም ዓይነት አንድ አንድ ሳምንት ተከራዩ። ከዚያ የሚስትየውን ሐሳብ ስሙ፤ ወይም ወጥ ቤቱን የሚይዘው ማን እንደሆነ የሱን።

ጎረምሳ ካላችሁ ከምንም በፊት የራሱ በር ያለው ክፍል እንዲኖረው አድርጉ። የትኛዋም ትሁን።

የየትኛዋም ጀልባ አጥር ዙሪያውን መረብ ይወጠርበት። ከውስጥ የወጣ ልጅ ሁሉ የሕይወት አድን ጃኬት ያድርግ፣ በጉዞ ላይ ደግሞ በማሰሪያ ይታሰር። እናቴ በመጀመሪያው ቀን «ልጄን እንደ ጥጃ አሰራችኋት?» ብላ አኮረፈች። በሁለተኛው ቀን ሳንነግራት የገመዱን ቋጠሮ እሷው ትፈትሽ ጀመር።

አውሎ ነፋስ በጣም የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ ካሪቢያንን ተዉት፣ ሲሼልስን እዩ። ዋናዋ ደሴት ማሔ ከምድር ወገብ በስተደቡብ 4 ዲግሪ ላይ ስላለች ከአውሎ ነፋስ ቀጠናው በአብዛኛው ውጭ ናት። ለአገራችንም ቅርብ ናት፤ አያት መጥታ ለመመለስ ይቀላታል።

የአክስቱ ልጅ ቡናውን ጠጥቶ ሲጨርስ ሁለቱንም ጀልባዎች ከስልኩ አጠፋ። መጋቢት ላይ ለሁለት ሳምንት ካታማራን ሊከራይ ወስኗል፤ አማቱንም ይዞ ይሄዳል። ሚስቱ የስንቁን ዝርዝር ልካልኛለች። ድርቆሹና ሽሮው ነቀዝ እንዳይገባው በሚገጥም ጣሳ ይሁን ብዬ መለስኩላት። ገብሱን እኔ ነኝ የማስፈጨው። ለአምስት ሰው፣ ለሁለት ሳምንት፣ 6 ኪሎ በሶ ይበቃቸዋል።